ሐተታ በእንተ ቀጢን ወገዚፍ

ከላቲን ፊደላት ሁሉ ኩሩው ጃምባቲስታ ቦዶኒ በፓርማ የቀረጸው መሆኑን ይህ ሐተታ ያለ ይሉኝታ ያስረዳል። የሚጠራጠር ሊቅ ቢኖር እስከ መጨረሻው አንብቦ ይፈር።

ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ቋሚው ገዚፍ፣ አግዳሚው ቀጢን፣ በመካከላቸው አስታራቂ ሽማግሌ የለም። ከጫፉ የሚዘረጋው፣ ሰሪፍ የሚሉት እግር እንኳ ደጋፊ ሳይኖረው እንደ ጸጉር ቀጥኖ ይቆማል። ስለምን ቢሉ፣ የበርሚንግሃሙ ጆን ባስከርቪል አስቀድሞ ወረቀቱን አለስልሶ፣ የታተመውንም በጋለ መዳብ ተጭኖ ለቀጭን መስመር መንገድ ስለጠረገ ነው። አንድም ቦዶኒ ከ1768 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመስፍን አታሚ ስለሆነ ነው፤ የመስፍን አታሚ የወረቀት ዋጋ አያሳስበውም፣ ኅዳጉን እንደ ግጦሽ መስክ ይተወዋል። በፓሪስ ፊርማን ዲዶም ያንኑ ሠርቷል። ማን ቀደመ የሚለው የጣሊያንና የፈረንሳይ ጠብ ስለሆነ አንገባበትም።

መናፍቃን አልጠፉም። አንድ እንግሊዛዊ የባስከርቪል ቀጫጭን መስመሮች አገሩን በሙሉ ያሳውራሉ ብሎ ተከራከረ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ታዲያ የካዝሎንን ፊደል ናሙና “የባስከርቪል ነው” ብሎ ሰጠው። ሰውዬው ጉድለቱን አንድ በአንድ እያሳየ፣ ዓይኔን አመመኝ እያለ አነበበው። ካዝሎን ግን ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያለ ሕመም ሲያነበው የኖረው ፊደል ነው! ፍራንክሊን ይህን በ1760 ለራሱ ለባስከርቪል ጽፎለታል፤ እኛም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም።

የእኛ ቁም ጸሐፊዎችም በመቃ ብዕር ቋሚውን አወፍረው አግዳሚውን ሲያቀጥኑ ኖረዋል። የእነርሱ ቀጭን ግን ለአንባቢ ይራራል፤ የቦዶኒ አይራራም።

ወደ ጥቅሙ እንሂድ። ይህ ፊደል ለሽቶ ብልቃጥ፣ ለፋሽን መጽሔት ሽፋን፣ በጠቅላላው አንባቢው ከማንበብ ይልቅ እንዲደነቅ ለሚፈለግበት ሁሉ ነው። የቮግ መጽሔት ስም በዲዶ ወገን የተጻፈው በከንቱ አይደለም። ሲያንስ ግን ይጠፋል። ስለዚህም ፊደል ነዳፊው ጆናታን ሄፍለር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዲዶን ለሃርፐርስ ባዛር መጽሔት ሲያድስ፣ ቀጢኑ በየመጠኑ ሳይሰበር እንዲቆም ለሰባት የተለያዩ መጠኖች ለየብቻ አዘጋጅቶታል።

ምሳሌ፦ ሔለን የሚለውን የሙሽራ ስም በትልልቁ የላቲን ሆሄ ይጻፉና ቀጢኑን ሁሉ ያጥፉት። የመጀመሪያው ሆሄ ሁለት ምሰሶ ይሆናል፤ ተከታዮቹ ሦስቱ አንድ አንድ ምሰሶ፤ የመጨረሻው ደግሞ ያዘመመ ግንድ ብቻ። ሙሽራ የነበረችው አጥር ሆነች ማለት ነው፣ ያውም አንዱ እንጨት የወደቀበት።

ይህን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ለእህቴ ልጅ ሠርግ ካርዱን የመረጥሁት እኔ ነኝ፤ አድራሻው በቦዶኒ፣ በሳይዝ 6፣ በሻካራ ወረቀት ላይ። እንግዶቹ አዳራሹን ያገኙት በስልክ ጠይቀው ነው። ፊደሉ ግን አልተሳሳተም፤ ወረቀቱ ነው።