እጅና ማኅተም

ፔታህ ቲክቫ፣ ማሃኔ የሁዳ ሰፈር፣ ወገብ የያዘው ሰው «እገሌ ዘንድ ሂድ፣ ጥሩ ታሻለች» ሲሉት አስቀድሞ «ተዑዳ አላት?» ይላል፤ የምስክር ወረቀት ማለቱ ነው። እጇ ደህና ይሁን አይሁን ተጋድሞ የሚደርስበት ነው። ወረቀቱ በወርቅማ ክፈፍ ገብቶ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ፣ ከግርጌውም ማኅተም ካለበት፣ ገና ሳይነካ ግማሽ ሕመሙ ይለቀዋል። የተጻፈውን ያነበበ የለም፤ ክፈፉ ይበቃል።

እንዲህ የምንለው እኮ ጎንደር ላይ ክንዳችን ሲወልቅ ጥርሳችንን ነክሰን ለወጌሻ የሰጠን ሰዎች ነን። ቅቤ ቀብታ፣ አሽታ፣ ቦታው ስትመልሰው ማን ፈቃድ ጠየቃት? ፈቃዷ ቀጥ ብሎ የሚራመደው የጎረቤት ልጅ እግር ነበር።

ቤን ጉሪዮን ስንደርስ ጓዛችን አለፈ፣ ሙያችን ግን ከበሩ ላይ ቀረ። የእኛን የቤተ እስራኤልን ቄሶች ያየ ይህን ያውቃል። አገር ቤት ስንቱን ያጋቡ ሽማግሌዎች እዚህ ሲመጡ ረቢነቱ ጋብቻ ለማስፈጸም አላወቃቸውም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ስንት ሙሽሮች ከየከተማው ተነስተው ነታንያ፣ ረቢ ዳዊድ ሸሉሽ ዘንድ ሄደዋል፤ እሳቸው ያለ ተጨማሪ ጣጣ ያጋቡ ነበርና። አገሩ ትንሽ ነው፣ ከጫፍ ጫፍ በአንድ ቀን ይነዳል፤ ማኅተም ግን ከከተማ ከተማ ሲሄድ ይደክመዋል።

ወደ ወጌሻዋ እንመለስ። በ2008 የወጣው የጤና ሙያዎች ሕግ ለፊዚዮቴራፒስቱ፣ ለአመጋገብ ባለሙያው፣ ለካይሮፕራክተሩ ከሚስራድ ሀብሪኡት፣ ከጤና ሚኒስቴሩ፣ ፈቃድ ይጠይቃል። ማሳጅ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ያ ክፈፍ ውስጥ ያለው ወረቀት ኮርሱን የሰጠው የግል ትምህርት ቤት ለተማሪው የጻፈለት ነው፤ የመንግሥት ፈቃድ እንዳይመስላችሁ። የለማ! መንግሥት ከአሻሹ አጥብቆ የሚፈልገው የግብር ፋይል እንዲከፍትና ደረሰኝ እንዲቆርጥ ነው። የእጁን ነገር ለእናንተ ወገብ ትቶታል። እኛ ግን የሌለውን ፈቃድ እንጠይቃለን፤ «አለኝ» ያለውን እናምናለን፣ ዝም ያለችውን «ያልተማረች» እንላታለን።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ችግራቸው ሌላ ነው፤ እነሱ ዘንድ ፈቃድ ሞልቶ ተርፏል። ኒውዮርክ ማሳጅ ለመሥራት 1,000 ሰዓት ተማሪ ይላል፣ ቴክሳስ 500 ይበቃኛል ይላል፣ ካንሳስና ዋዮሚንግ ደግሞ እንደ እኛው በክፍለ ግዛት ደረጃ ፈቃድ የላቸውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ፈቃድ አውጥታ የምታሽ ልጅ ድልድዩን ተሻግራ አሌክሳንድሪያ ብትሠራ ሌላ ፈቃድ ያሻታል። ፖቶማክን በመኪና ስታልፍ እጇ ምን እንደሚረሳ የሚያስረዳ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ቀኑን ሙሉ ኡበር ሲነዳ የዋለው ሐበሻ ወገቡ በወንዙ ግራም ቀኝም እኩል ይጠዘጥዘዋል። ነገሩ ቢሰለቻቸው ክፍለ ግዛቶች የሚፈርሙት የጋራ ስምምነት አዘጋጁ፤ በ2023 ኔቫዳ ቀድማ ገባች። ሰባት ሲሞሉ ይጸናል ተባለ፤ ከአባል ወደ አባል የምትሻገረውም ቢያንስ 625 ሰዓት የተማረችና ፈተናውን ያለፈች ናት። 600 የተማረችው በወንዙ ዳር ትቁም እንግዲህ!

መቀለዴ ግን ቁጥጥር አይኑር ለማለት አይደለም። የተሰበረ አጥንት አሽቶ ያበላሸ እጅ አገር ቤትም እዚህም አለ። እንዲያውም ክፉው ነገር ይህ ነው፤ ማንን ማመን እንዳለብን የሚነግረን ሕግ ስለሌለ በክፈፍ ስፋት እንመርጣለን። ደህናዋ ወጌሻ ድንበሯን ራሷ ታውቃለች።

ለዚህ ምስክሩ ማታ ነው። ቀን «ተዑዳ የላትም» ሲል የዋለው ጎልማሳ፣ ልጁ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት፣ መሸት ሲል በሯን ያንኳኳል።

«እማማ፣ እንደምን አመሹ? እንደው እጅዎን ቢያሳርፉበት...»

በጣቷ ዳበስ ታደርገውና እጇን ትሰበስባለች። «አብጧል። መጀመሪያ ኩፓት ሆሊም ውሰደውና ራጅ ይነሳ። አጥንቱ ደህና ነው ካሉህ ነገ አምጣው።»

አጥንቱ ደህና ይሆናል፣ ልጁም በሁለተኛው ሳምንት ኳሱን ያሳድዳል። አባት ለውለታዋ ቡናና ስኳር ይዞላት ይሄዳል። ሰንበት ላይ ምኩራብ ደጃፍ «ማን አዳነላችሁ?» ብለው ሲጠይቁት ግን ጉሮሮውን ይጠርጋል፣

«አንዲት ፊዚዮቴራፒስት አለች» ይላል።