ዓሣው ያተረፈበት ግድብ

ጋምቤላ ተቀምጬ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ፤ «የሕዝብ ሀብት» የሚሉትን ነገር ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። ሀብቱ የእኔ ከሆነ አንድ ቀን እንኳ እንዴት ሳይጠይቁኝ ቀሩ?

እስቲ አቦቦ ወርዳችሁ የአልዌሮን ግድብ እዩልኝ። ደርግ ከሶቪየቶች ጋር ሆኖ 10,000 ሄክታር ያህል ጥጥ ሊያለማበት ገደበው። ግድቡ ጥጥ ሳያጠጣ መንግሥቱ አለቀ። ውሃው ተኛ። ኋላ ሳውዲ ስታር የሚሉት ኩባንያ ሩዝ ላልማ ብሎ እስኪመጣ ድረስ ስንት ዓመት ያለ ሥራ ቆየ! በዚህ መሀል ያለ ስብሰባ፣ ያለ ቦርድ አበል ያተረፈው ዓሣው ብቻ ነው። አጥማጆቹ ያውጡት፤ እነሱስ አይወቀሱም።

ከዚያ ደግሞ ልማት ባንክ መጣ። እዚሁ አንዱ መሬት ለሁለት ሰው ካርታ እየወጣለት፣ በካርታው ብድር እየተሰጠ፣ ገንዘቡ ጫካ ሳይመነጠርበት ወደ ሌላ ሄደ። ባንኩ ደንግጦ በዝናብ ለሚለማ እርሻ ማበደር ሲያቆም የሄደው ሄዷል። በ2011 ገደማ ካበደረው ከየ100 ብሩ 40 ብር ያህሉ የተበላሸ ብድር ነበር። እኔ ለጎረቤቴ 50 ብር ሳበድር ሚስቱን ምስክር አስጠራለሁ!

ይህን ስናገር «የመንግሥት ስለሆነ ነው» ይሉኛል። አየር መንገዱስ የማን ነው? ያው ደርግ በ1972 ዓ.ም. ገደማ ካፒቴን መሐመድ አህመድን ሾሞ፣ ድርጅቱ እንደ ንግድ ይመራ ብሎ እጁን ሰበሰበ። ከሞስኮ ጋር አንገት ላንገት ተቃቅፎ ሳለ በ1976 አየር መንገዱ ከአሜሪካ ቦይንግ 767 ሲረከብ ዝም አለ። ካድሬ አብራሪ አላደረገም፤ አውሮፕላን ሲወድቅ ስለሚሰማ ይሆናል። እርሻ ግን ሲወድቅ ድምፅ የለውም፤ ሣር ይበቅልበታል።

የልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «አባባ፣ ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በቴሌብር ሲሸጥ ለምን አልገዙም? አንዱ 300 ብር ነበር» አለኝ።

«ዝቅተኛው 33 አልነበር? 9,900 ብር! ደግሞስ የእኔ ነው ሲሉኝ ኖረው፣ የራሴን ለእኔው ይሽጡልኝ?»

«የአየር መንገዱ ቢሆንስ?»

«እሱንማ እገዛ ነበር፤ ጡረታዬ ለቲኬቱ እንኳ ቢበቃኝ!»