ስለ ሶፍትዌር ሠሪዎች እግርና ጆሮ የወጣ አዋጅ

ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ!

አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ 400 ኪሎ ሜትር ለሚርቀው የደሴ ሰው ሳይለኩ ሶፍትዌር መስፋት እየተለመደ በመምጣቱ፤ ጠበበኝ ያለውንም «ሥልጠና ያስፈልገዋል» ማለት በመብዛቱ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ማንኛውም ሠሪ የመጀመሪያውን ገጽ ከመንደፉ በፊት ሰኞ ገበያ ወርዶ የአንድ ባለሱቅ የዱቤ ደብተር ያነባል። እዚያ የሚያገኘው «የባለባጃጁ የሰይድ እናት፣ ዘይት፣ ደመወዝ ሲወጣ» የሚል ነው። ደብተሩ ባለዕዳዋን ከነመክፈያ ቀኗ ያውቃታል። ኢሜይል ካልሞላሽ አላሳልፍም የሚለው ሲስተም ግን እንኳን ዕዳዋን እሷንም አያውቃትም።

አንቀጽ 2፦ ካርድ ክፍል «መሐመድ» ተብሎ ተፈልጎ የታጣ ታካሚ፣ አምና «መሀመድ» ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ፣ ሁለተኛ ካርድ ይወጣለታል፤ የቀድሞ ሕመሙም አሮጌው ካርድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ፍለጋው ሀን፣ ሐን እና ኀን አንድ አድርጎ ያያል። («ሙሐመድ»ስ ለሚል፣ እሱም ይታሰብበት።) ፊደላችን ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነውና «ኮምፒውተሩ አማርኛ አይችልም» የሚል ሰበብ ተሽሯል።

አንቀጽ 3፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ፈረቃ የገባችን የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እንደገባች የሚቆጥር ሲስተም ውድቅ ነው። ጳጉሜን «የተሳሳተ ወር» የሚልም እንዲሁ። ጤና ሚኒስቴር የሚገለገልበት፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ዲኤችአይኤስ2 የተባለው ሶፍትዌር እንኳ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይቀበላል፤ ከቦሌ የመጣው ምን ነክቶት?

አንቀጽ 4፦ የወሎ ሰው እንግዳ አያሳፍርም። «ሲስተሙ እንዴት ነው?» ሲባል «አብሽር፣ ጥሩ ነው» ይላል። ይህ መልስ የርክክብ ፊርማ ተደርጎ አይወሰድም። ሠሪው መጠይቁን አጥፎ፣ «እስቲ እትዬ፣ ትናንት የገባውን ዕቃ ይመዝግቡልኝ» ብሎ ከጎን ይቀመጣል፤ እስካልጠየቁትም አይናገርም። ጣታቸው ያመነታበትን ቁልፍ ይጽፋል። ከመሳቢያው ቀስ ብላ የምትወጣውን ደብተር በተለይ ያስተውል፤ ሲስተሙ የረሳው ነገር ሁሉ እሷ ላይ ነው።

አንቀጽ 5፦ ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ኢንተርኔት የሌለውን ባለ ቁልፍ ስልክ ባለመርሳቱ፣ በ*127# በኩል ተመስግኗል።

ይህን አዋጅ የተላለፈ፣ ራሱ የሠራውን ፎርም በገበያ ቀን፣ ወረፋ ጠብቆ፣ መብራት ሲመጣና ሲሄድ ይሞላል። አዋጁ ከጳጉሜን 1 ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል፤ ሲስተሙ ቀኑን ከተቀበለ።