ሁለተኛው ጥያቄ

ይሉናል፦ «ቅሬታ ያለው ለምክር ቤቱ ያቅርብ።»

እንላለን፦ ክቡርነትዎ፣ እናቅርብ። ግን ማን ይዞልን ይግባ? በ2013ቱ ምርጫ የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤትን 138 ወንበሮች በሙሉ ብልፅግና ፓርቲ አሸነፈ። ከንቲባዋን የመረጠው ያው ፓርቲ ነው፤ ሪፖርት የሚያዳምጠውም፣ በጀት የሚያጸድቀውም ያው ነው። አንድ እጅ አያጨበጭብም ሲባል ሰምተን ነበር፤ አንድ ፓርቲ ግን ብቻውን አቅርቦ፣ ብቻውን ጠይቆ፣ ብቻውን አጨብጭቦ ሊበተን እንደሚችል እዚህ ከተማ አየን።

ይሉናል፦ «የእኛም አባላት ይጠይቃሉ። ውሃ አንስተዋል፣ ትራንስፖርት አንስተዋል፣ የኑሮ ውድነት አንስተዋል።»

እንላለን፦ አንስተዋል፤ እናመሰግናለን። ችግሩ ከመልሱ በኋላ ነው የሚመጣው። መልሱ «እየተሠራበት ነው» ከሆነ ማን ተነስቶ «ከመቼ ጀምሮ? በስንት ብር? እስከ መቼ?» ይላል? የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንም ይጠይቀዋል። ሁለተኛውን የሚጠይቀው ግን ከተጠያቂው ሹመትም ዕጩነትም የማይለምን ሰው ነው። ተቃዋሚ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

ይሉናል፦ «እስቲ ሁለተኛ ጥያቄ የምትሉትን አሳዩን።»

እንላለን፦ ይምጡ፣ ሀይሌ ጋርመንት እናሳይዎ። አትክልት ተራ በኮሮና ሰሞን ከፒያሳ ተነስቶ ጃንሜዳ ገባ፤ ከ2013 ጥምቀት በፊት ደግሞ ጃንሜዳ ለታቦቱ ሲለቀቅ ገበያው ወደዚህ መጣ። ጎህ ሳይቀድ ይምጡ። አይሱዙው ከመቂና ከዝዋይ የጫነውን ቲማቲም በእንጨት ሳጥን ያራግፋል፤ ተሸካሚው ጆንያ ሽንኩርት ጀርባው ላይ አድርጎ «መንገድ! መንገድ!» ይላል፤ ጉልት የምትቸረችር እናት ከሳጥኑ ሥር ያለውን የተጨፈለቀ ቲማቲም በእጇ ፈልፍላ አይታ ነው ዋጋ የምትነጋገረው። የላይኛውን ብቻ አይታ ከገዛች ቀኑን ከስራ መዋሏ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ገበያ ተሠራላችሁ ወይ?» ነው፤ አዎ፣ ተሠራልን። ሁለተኛው ግን ይሄ ነው፦ የክረምቱን ጎርፍ መውረጃ የሚጠርገው የትኛው ጽሕፈት ቤት ነው? የጎመኑን ቅጠል የሚያነሳው መኪና በቀን ስንቴ ይመላለሳል? ከሌሊት ጀምራ እዚህ የምትውል ሴት መጸዳጃ የምታገኘው የት ነው? ያቺ እናት ቲማቲም ስትገዛ የምታደርገውን ምክር ቤቱም ሪፖርት ሲቀበል ያድርግልን።

ይሉናል፦ «የመብራቱን ነገር እኛን አትጠይቁ፤ የፌዴራል ነው።»

እንላለን፦ እናውቃለን። መብራቱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ የፌዴራል። ውሃው የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው፤ የከተማው። ከዚህ ወደ ፉሪ ሲሻገሩ ደግሞ ሸገር ከተማ ነው፤ የኦሮሚያ። እዚህ ነግዶ እዚያ የሚያድር ሰው በአንድ ቀን በሦስት መንግሥት ሥር ይውላል። ታዲያ መብራት ጠፍቶ የጉድጓዱ ፓምፕ ሲቆም፣ ፓምፑ ቆሞ ውሃ ከፈረቃው ሲቀር፣ አራተኛ ፎቅ ያለችው እናት ጀሪካኗን ይዛ ደረጃ ስትወርድ ጥፋቱ የማን ነው? ከተማው ወደ ፌዴራል ይጠቁማል፤ ፌዴራል ወደ ከተማው። ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ዛሬ ሳትስማሙ አትወጡም» የሚል የሕዝብ ተወካይ ያስፈልገናል።

ይሉናል፦ «ራስን በራስ ማስተዳደር ሒደት ነው።»

እንላለን፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 የአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አለው ካለ ከ1987 ወዲህ ስንት ከንቲባ መጣ፣ ስንት ሄደ? ያው አንቀጽ የከተማው መስተዳድር ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ነው ይላል። ይሁን። ወደ ላይ ተጠሪ የሆነ መስተዳድር ወደ ታችም ተጠያቂ እንዲሆን የሚያደርገው ምክር ቤቱ ብቻ ነው። ምክር ቤቱ ዝም ካለ ነዋሪው የሚያስተዳድረው የታክሲ ሰልፉን ብቻ ነው።

ይሉናል፦ «ተቃዋሚ የሚያውቀው አቧራ ማስነሳት ነው።»

እንላለን፦ አቧራው ሥር ምን እንደተገኘ እናስታውስዎ። ነሐሴ 2012 ላይ ተቃዋሚው ኢዜማ በከተማዋ ስላለው ሕገወጥ የመሬት ወረራና ስለ ጋራ መኖሪያ ቤቶች እደላ ያጠናውን ይዞ መግለጫ ልስጥ ሲል ፖሊስ ከለከለው። ከቀናት በኋላ ጥናቱን ይፋ አደረገ። ጥር 2013 ላይ ደግሞ የከተማው አስተዳደር ራሱ አስጠንቶ መሬት መወረሩን፣ የጋራ ቤቶችም ላልተገባቸው ሰዎች መተላለፋቸውን ተናገረ። ያ ጥያቄ በምክር ቤቱ ወለል ላይ የሚያነሳው ሰው ቢኖር ኖሮ ከፖሊስ ጋር መከራከር ባላስፈለገ ነበር።

ይሉናል፦ «ስህተት ሲገኝ ራሳችን እናርማለን።»

እንላለን፦ ሐምሌ 2014 ላይ ከ25 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጣ ተባለ፤ እልል ተባለ። በቀናት ውስጥ ዝርዝሩ ውስጥ የማይገባቸው ሰዎች መግባታቸው ታወቀና ዕጣው ተሰረዘ፤ ከወራት በኋላ እንደገና ወጣ። መሰረዙ ተገቢ ነበር። ግን ለዓመታት ከጉሮሮው ነጥቆ የቆጠበ ሰው ስሙን በዕጣው አይቶ፣ ዘመድ ጠርቶ፣ በሳምንቱ «የለህም» ሲባል እንባው ማን ላይ ይፍሰስ? ሲስተሙን ከዕጣው በፊት የፈተሸው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ከዕጣው በፊት የሚያነሳ አባል ቢኖር የስንቱ ቤት ለቅሶ ይቀር ነበር!

ይሉናል፦ «ተቃዋሚ እኮ ካቢኔ ድረስ አስገብተናል።»

እንላለን፦ አስገብታችኋል። አቶ ግርማ ሰይፉ በ2002ቱ ምርጫ 547 ወንበር ባለው ፓርላማ ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ ነበሩ፤ ለአምስት ዓመት ብቻቸውን እጃቸውን አወጡ። በ2014 የኢዜማ አባል ሆነው የከተማውን ኢንቨስትመንት ኮሚሽን እንዲመሩ ተሾሙ። አብሮ መሥራቱን አንነቅፍም። ግን ካቢኔ የገባ ሰው ተጠያቂ ነው የሚሆነው፤ የጠያቂው ወንበር አሁንም ባዶ ነው።

ይሉናል፦ «በፌዴራሉ ፓርላማ ጠያቂዎች አሉ።»

እንላለን፦ አሉ፤ ጥቂት ናቸው። የተቃዋሚው አብን አባል ክርስቲያን ታደለ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው፣ የዋና ኦዲተርን ግኝት ይዘው፣ የተቋማት ኃላፊዎችን «ይህ ገንዘብ የት ገባ?» ይሉ ነበር። የኦዲት ኮሚቴ ለተቃዋሚ መሰጠቱ ከጥሩ ሥራዎቻችሁ አንዱ ነበር። ሆኖም በ2015 ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን ታሰሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል በከባድ ወንጀል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም ይላል። ጠያቂው በሚታሰርበት አገር ከኋላው የተቀመጠው አባል ለሁለተኛው ጥያቄ እጁን ሲያነሳ ይከብደዋል።

ይሉናል፦ «ሕዝብ መርጦናል፤ ወንበሩን ከሕዝብ ነጥቀን አንሰጥም።»

እንላለን፦ በ1997 ሕዝቡ ከ138ቱ የከተማዋ ወንበር 137ቱን ለተቃዋሚው ቅንጅት ሰጥቶ ነበር። ያ ምክር ቤት ሥራ ሳይጀምር ከተማዋ በባለአደራ አስተዳደር ቆየች። ያኔም ቢሆን ቅንጅት ገብቶ ቢሆን ኖሮ ቅንጅትን የሚጠይቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚቀረው። ስለዚህ ይህ የእናንተን ፓርቲ የመጥላት ጉዳይ አይደለም። በአንድ ድምፅ የበለጠ ወንበሩን ሙሉ በሙሉ የሚወስድበት አሠራር፣ ማንም ያሸንፍ ማን፣ ምክር ቤቱን ያለ ጠያቂ ያስቀረዋል።

ይሉናል፦ «ሌላው ዓለምስ ከዚህ የተለየ ምን ያደርጋል?»

እንላለን፦ ለንደንን ይዩ። የከተማዋ ጉባኤ 25 አባላት ብቻ አሉት፤ 14ቱ ከምርጫ ክልል፣ 11ዱ ፓርቲዎች በመላ ከተማዋ ባገኙት ድምፅ ልክ ይገባሉ። ከንቲባው በዓመት አሥር ጊዜ ፊታቸው ቆሞ ይጠየቃል፤ ስለ አውቶቡሱም፣ ስለ ፖሊሱም፣ ስለ ቤቱም። በእንግሊዝ ፓርላማ የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ የተቋቋመው በ1861 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በልማዱ ሰብሳቢው ከተቃዋሚ ነው። ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በ2010 ኢሕአዴግ ከተቃዋሚዎች ጋር ተደራድሮ 80 ከመቶው ወንበር በአብላጫ ድምፅ፣ 20 ከመቶው በተመጣጣኝ ውክልና ይሁን ብሎ ተስማምቶ ነበር። ተስማምተን ያስቀመጥነውን እናንሳው።

ይሉናል፦ «በቃ፣ ምን ይደረግ ነው የምትሉት?»

እንላለን፦ ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ከከተማው ምክር ቤት ወንበሮች ከፊሉ ፓርቲዎች በከተማዋ ባገኙት ድምፅ መጠን ይከፋፈል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የአብላጫ ድምፅን ሥርዓት የደነገገው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የከተማዋ በሕግ የሚስተካከል ነው። ሁለተኛ፣ የከተማው ዋና ኦዲተር ሪፖርት የሚመረመርበት ኮሚቴ ሰብሳቢ ከገዢው ፓርቲ ውጭ ይሁን፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት የምንቀብረው ሲሾም የሚጠይቀው ሲያገኝ ነው። ሦስተኛ፣ ምክር ቤቱ ከአዳራሹ ይውጣና ሀይሌ ጋርመንት መጥቶ ይሰብሰብ። የውሃውም፣ የመብራቱም፣ የመንገዱም ኃላፊዎች አንድ ላይ ይቀመጡ። ነዋሪው ይጠይቅ፤ መልስ ይሰጠው፤ ከዚያ ማይኩ ከእጁ ሳይነጠቅ ሁለተኛውን ጥያቄ ይጨምር። ቃለ ጉባኤው ይለጠፍ፤ በስድስት ወሩ ተመልሰው ይምጡና የተባለው ሆኗል አልሆነም ይባል።

ይሉናል፦ «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ተቀብለናል፤ እናየዋለን።»

እንላለን፦ መቼ?