ቴዎድሮስ በዶኒጎል

ማስታወቂያው ላይ «ታሪካዊ ቴአትር» ብሎ የጻፈው አዘጋጁ ነው፤ ዕዳውን የከፈልነው ግን ሁላችንም ነን። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ «ታሪካዊ» የሚል ወረቀት ከተለጠፈ፣ ቅዳሜ ጠዋት ለተዋናይነት ሊፈተን ኮሚናሉ በር ላይ የሚሰለፈው ወጣት አድዋ የሚዘምት ነው የሚመስለው። ጎፈር ያደረገ አለ፤ የአባቱን ካባ የደረበ አለ። ጋሻ ያጣ አንድ ልጅ ደግሞ ዲሽ ነቅሎ፣ ክንዱን ከጀርባው ባለው ብረት አሾልኮ መጣ። ተራው ሳይደርስ እናቱ ከአራተኛ ፎቅ ብቅ ብለው «አንተ! ድራማዬን መልስ!» አሉት።

እኔ ከፈታኞቹ አንዱ ነበርኩ። ለዚህ ማዕረግ ያበቃኝ የቴአትር ዕውቀት እንዳይመስላችሁ፤ የዕድራችን ንብረት ያዥ ስለሆንኩ የወንበሩ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው።

ቴአትሩ ታሪካዊ መሆኑስ አልቀረም። የአየርላንዱ ጸሐፌ ተውኔት ብራየን ፍሪል የደረሰው «ጭፈራ በሉናሳ» ነው። በፈረንጆች 1990 ደብሊን በሚገኘው አቢ ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ኒውዮርክ ላይ የቶኒን ሽልማት ወሰደ። ነገሩ የሚሆነው በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1928 ዓ.ም.፣ ዶኒጎል በሚባል ገጠር፣ ደራሲው በፈጠራት ባሊቤግ መንደር አቅራቢያ ነው። ንጉሥ የለበትም፤ ጦር የለበትም። ያሉት አምስት ያላገቡ እኅትማማቾች ናቸው። ቴአትሩ ሲጀምር አንዷ ልብስ ትተኩሳለች፣ አንዷ ለዶሮ መኖ ታሻለች፣ አንዷ ለሽያጭ ጓንት ትሠራለች፣ አንዷ ማገዶ ታስገባለች፣ ታላቅየዋ አስተማሪ ናት። አዘጋጁ ድርሰቱን ወደ አማርኛ መለሰና፣ የነሐሴን ጭጋግና ጭቃ በመስኮት አይቶ «አየርላንድ እዚሁ አባዶ አለችልን» አለ።

«እስቲ ያዘጋጀኸውን አሳየን» ሲባል የመጀመሪያው ልጅ ቴዎድሮስን አመጣ። ሁለተኛውም ቴዎድሮስን። ሦስተኛው ዝም ብሎ ሲቆም ተስፋ አድርገን ነበር፤ ለካስ ጣቱን ሽጉጥ አድርጎ አፉ ውስጥ ከትቶ ኖሯል። እስከ ምሳ ሰዓት ከመቅደላ አልወረድንም። ንጉሡ የሞቱት አንዴ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው፤ አባዶ ላይ ግን የኮሚናሉን ወለል በካባቸው እስኪወለውሉት ወደቁ። በልጆቹ አልፈርድም። ከጸጋዬ ገብረ መድኅን «ቴዎድሮስ» እስከ ጌትነት እንየው «የቴዎድሮስ ራዕይ» ድረስ መድረካችን ታሪክን በዘውድ በኩል ሲያሳየን ነው ያደግነው። ገጠሬ ከመጣም ዘበኛ ሆኖ፣ አነጋገሩ ተወላግዶ ሊያስቅ ነው።

ከስምንቱ ገጸ ባሕርያት አምስቱ ሴቶች መሆናቸው ሲነገር፣ ሰልፉ ውስጥ ሴት በጣት የምትቆጠር ሆና ተገኘች። ጎፈር ያደረገው ልጅ በአማርኛ ቴአትር መባቻ ሴት ሆኖ የሚጫወተው ወንድ እንደነበር አስታውሶን፣ «አስተማሪዋን እኔ ልሁን» አለ። ታሪክ ማወቁን ወደድንለት። ጢምህን ትላጫለህ ወይ ስንለው ግን ኮስተር ብሎ ወጣ።

ከምሳ በኋላ ሴቶቹ ስልክ ተደዋውለው መጡ። አዘጋጁ ቃለ ተውኔት ከማስነበብ ይልቅ የከሰል ካውያ ከነፍሙ አቀረበ። ፈተናው ቀላል ነው፤ ሸሚዝ እየተኮሱ፣ እኅት ገንዘቡን የት እንዳደረሰችው መጠየቅ። የመጀመሪያዋ ተፈታኝ ካውያውን አስቀምጣ ሁለት እጇን ወደ ጣሪያው ዘረጋችና ገንዘቡን ከሰማይ ጠየቀች። ካውያው ከሥር የዕድሩን የጠረጴዛ ልብስ ይበላ ነበር። ንብረት ያዥነቴ ትዝ ብሎኝ ጮህኩ፤ እሷ ግን ትወናዋን ያደነቅሁ መስሏት ድምፅዋን ጨመረች።

ያን ጊዜ ነው የዚህ ቴአትር ክፋት የገባኝ። ቴዎድሮስን በዓይኑ ያየ ተመልካች የለም፤ ብትጮህም ብታጓራም «እንዲህ አልነበሩም» ብሎ የሚታዘብህ አይገኝም። ልብስ እየተኮሰች የምትጨቃጨቅ እኅት ግን ሁላችንም ቤት አለች። አንዲት ነገር ብታጎድል አዳራሹ በሙሉ ምስክር ነው። ተዋናዩ ሁሉ ወደ ዙፋን የሚሸሸው ለካስ ዙፋኑ ስለሚቀል ነው!

በኋላ አንዲት ልጅ ገባች። ጣቷን በምራቋ ነካ አድርጋ የካውያውን ሙቀት ለካች፤ እጅጌውን ገለበጠች፤ ቀና ሳትል «ብሩስ?» አለች። እኔ ኪሴን ዳበስኩ። አዘጋጁም ዳበሰ። አለፈች።

ወንዶቹ ዘንድ ያስቸገረን አባ ጃክን የሚሆን ሰው ነው፤ 25 ዓመት ኡጋንዳ ኖሮ የእንግሊዝኛ ቃል እየጠፋው የተመለሰ ቄስ ነው። ዕድሜውም ግርማውም ያላቸው የብሎካችን ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። ድርሰቱን አንብበው ተቆጡ። «ነሐሴ 1928! ሚያዝያ 27 ጠላት አዲስ አበባ ገባ፤ ሐምሌ 22 አቡነ ጴጥሮስ ተረሸኑ። በዚያ ክረምት ጓንት ሲሠራ ልናይ ነው? አንድ አርበኛ እንኳ አስገባበት እንጂ!»

«አለንበት እኮ፣ ጋሼ» አለ አዘጋጁ። እውነቱን ነው፤ ከእኅትማማቾቹ አንዷ ሮዝ አቢሲኒያንና ሙሶሊኒን የሚጠራ የቀልድ ዘፈን እየዘፈነች ትወዛወዛለች።

«እኛ እያለቅን እነሱ ሊዘፍኑብን?»

«ልማዳቸው ነው፣ ጋሼ። በ77 የዘፈነልን ቦብ ጌልዶፍስ የአየርላንድ ሰው አይደል?»

ጋሼ ለዚህ መልስ አላጡለትም፤ ግን ጭፈራው ጀመረና አዳነን። ሉናሳ የመከር በዓል ነው፤ ኮረብታ ላይ እሳት ይለኮስበታል። ቡሄ ደርሶ ውጭ ልጆች ሆያ ሆዬ ለሚሉበት ሰፈር ይህን ማስረዳት አላስፈለገም። ያስቸገረው እግሩ ነው። በአየርላንድ ባህላዊ ጭፈራ እጅ ከጎን ተጣብቆ እግር ነው የሚጣደፈው፤ የእኛዎቹ ደግሞ እግራቸውን ተክለው ትከሻቸውን ለቀቁት። ከብዙ ክርክር በኋላ እግር ለዶኒጎል፣ ትከሻ ለወሎ እንዲሆን ተወሰነ። ማጊ የምትባለዋ እኅት በዱቄታም እጇ ፊቷን አብሳ ጭፈራውን የምትጀምርበት ቦታ ላይ ሲደረስ ደግሞ ሴቶቹ ባንድ ድምፅ «ዱቄት? በዚህ ዋጋ?» አሉ። ከግንበኛ ጄሶ ተለመነ።

ጋሼ የተስማሙት አባ ጃክ ወርቃማ ቁልፍ ያለው ነጭ የመኮንን ልብስና ባለ ላባ ባርኔጣ እንደሚያደርግ ሲሰሙ ነው። ልኩን አስለክተው፣ ፎቶ ተነስተው ካበቁ በኋላ መጨረሻው አካባቢ ያለችውን ነገር አነበቧት። ባርኔጣውን ከጌሪ ጋር ይለዋወጣል። ጌሪ ደግሞ ከዌልስ የመጣ የሸክላ ማጫወቻ ሻጭ ነው።

«ከብሪታኒያ» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ከመቅደላ የወሰዱት የወርቅ ዘውድ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀምጦ፣ እኔ በተራዬ ባርኔጣዬን ላቀብል?»

አዘጋጁ ለመነ፣ አስለመነ። በመጨረሻ መላ ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ሙዚየሙ በፈረንጆች 2018 የመቅደላን ቅርስ ለኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ውሰት ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ ብሎ የለም? እንግዲያው እሳቸውም በዚያው ደንብ ያውሳሉ። ጌሪ በየትርኢቱ ባርኔጣውን በፊርማ ይረከባል፣ መጋረጃ ሲዘጋ ይመልሳል፤ ላባ ከጎደለ ይከፍላል። መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው።