ጀማን ሲሻገሩ የአባት ርስት ለምን ይሰፋል? የመስክ ጥናት

ስለ ሰሜን ሸዋ ደጋ የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ዶናልድ ሌቪን እንኳ መንዝ ድረስ ወጥቶ የአገሬውን ኑሮና ጠባይ አጥንቶ የሰምና ወርቅ መጽሐፉን በ1965 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ሥራው ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ለጥር ሰርግ ወደ አገር ቤት በሚወርድ የቤተሰብ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ስለሚሰማው ነገር መጽሐፉ አንዳች አይልም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው።

የጥናቱ መስክ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጫንጮ፣ በሙከጡሪና በለሚ አድርጎ፣ የጀማን ወንዝ ተሻግሮ ዓለም ከተማ የሚገባው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መንገድ ነው። ናሙናው አንድ አባት፣ አንዲት እናት፣ ከኋላ የተጠቀጠቁ ልጆችና ለሰርጉ የተገዛ አንድ ጀሪካን ዘይት ነው። ከተሳታፊዎቹ መካከል ከመነሻ እስከ መድረሻ አቋሙን ያልለወጠው ጀሪካኑ ብቻ ነው። መረጃው የተሰበሰበው መንገዱ ሰላም ሳለ ነው፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ያለው ጉዞ ሌላ ጥናት፣ ምናልባትም ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ይፈልጋል።

መላምታችን ቀላል ነው፤ አባት ከአዲስ አበባ በራቀ ቁጥር የአያቱ መሬት ይሰፋል። ጫንጮ ላይ «ትንሽ መሬት ነበረችን» ይላል። ሙከጡሪ ቁርስ ተበልቶ ሻይ ሲደገም መሬቷ አንድ ጋሻ ሆናለች፤ ወደ 40 ሄክታር መሆኑ ነው። ለሚ ሲደረስ የመሬት መለኪያ ያልቅና ሥራው ወደ እጅ ይዛወራል።

ከለሚ አለፍ እንዳሉ ደጋው ድንገት ያበቃል። አቁም ያለው ሳይኖር አባት መኪናውን ያቆማል። አዲስ አበባ ላይ ከሳሎን ወጥቶ የማያውቀውን ጋቢ ከወንበሩ ሥር አውጥቶ ይደርብና ወደ ገደሉ አፋፍ ጠጋ ይላል። ጉሮሮውን ይጠርጋል። ቀኝ እጁ ከጋቢው ትወጣና ማዶ ማዶውን ከግራ ወደ ቀኝ ትጓዛለች፤ ስንት ተራራና ስንት ደብር እንዳለፈች መቁጠር አልተቻለም። «ከዚያ ጀምሮ እስከዚያ ድረስ» ይላል። ሁለቱም «ዚያ»ዎች ስም የላቸውም።

እናት ከመኪናው አትወርድም። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ «ያኛው ጉብታ እንኳ የእናቴ ወገን ነው» ትላለች። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ስለሚቆጠር ክርክሯ መሠረት አለው። የሁለቱ ይገባኛል ሲደመር ማዶ ያለውን መርሐቤቴን ይሞላና ትርፉ ወደ መንዝ ይፈስሳል። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት በሙሉ የሕዝብ ሲያደርግ ይህን ትርፍ ማን እንዲረከበው እንዳሰበ ግልጽ አይደለም።

ገደሉ ራሱ የቆየ ነው። ከላይ የ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የእሳተ ገሞራ ዐለት፣ ከሥሩ ደግሞ አገሩ ባሕር በነበረ ጊዜ የተነጠፈ የኖራ ድንጋይ አለ። ባሕሩን የአያቴ ነው ያለ እስካሁን አልተገኘም። ድንጋዩ ግን ባለቤት አግኝቷል፤ በቀን 150 ሺህ ኩንታል ሲሚንቶ ያመርታል የተባለው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በ2017 ተመርቋል። አባት ምረቃውን በቴሌቪዥን ሲከታተል አንዲት ቃል አልወጣውም። ካሳ ያለበት ይገባኛል ማስረጃ እንደሚጠየቅበት ያውቃል።

ከአፋፉ በኋላ መንገዱ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይጠማዘዛል። ልጆቹ በአንድ እጅ ሎሚ፣ በሌላው ፌስታል ይይዛሉ። መጀመሪያ ጋቢው ይወልቃል፣ ቀጥሎ ጃኬቱ፣ በመጨረሻም ርስቱ። ታች ሙቀት ነው፤ ወባም አለ። ጀማ ድልድይ አጠገብ የአባት አያት ስንዝር መሬት አልነበራቸውም። «እዚህ ምን አለን? ውሃችሁን ጠጡና እንሂድ» ይባላል። ልጆቹ ወንዙ ዳር ትንሽ እንቆይ ቢሉ ቢልሃርዚያ ይጠቀስላቸዋል። በዚህ ሸለቆ የማይነቃነቅ ይዞታ ያለው ሀርውድ የሚባለው ቆቅ ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የተገለጸው ይህ ወፍ ከአባይና ከገባሮቹ ሸለቆዎች ውጭ አይገኝም፤ አዲስ አበባ ገብቶ ለኮንዶሚኒየም ያልተመዘገበ ባለርስት እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ዳገቱ ሲጀመር ብርዱም፣ ጋቢውም፣ መሬቱም በየተራ ይመለሳሉ። ለንጽጽር ያህል፣ ሙኒክ አጠገብ ያለችው ፋተርሽቴተን ከዓለም ከተማ ጋር ተወዳጅታ ስንት ዓመት ስትረዳ አንድ ጥማድ እንኳ የእኔ ነው አላለችም።

ዓለም ከተማ ላይ መላምቱ ፈተና ይገጥመዋል። የአባት ታላቅ ወንድም እንግዶቹን እግር አጥበው፣ ጠላ አስቀድተው፣ በማግሥቱ ማሳ ያሳያሉ። ማሳው ሦስት ጥማድ ነው፤ የይዞታ ደብተር አለው፣ ድንበሩ በድንጋይ ተለይቷል፣ አንደኛው ጠርዝ በጎርፍ ተበልቷል። «የእኛ ይቺ ናት» ይላሉ። አባት «እ…» ብሎ ስለ ጤፉ ይጠይቃል።

ያልተጠበቀው ግኝት የመጣው ማታ፣ ጎረቤት ሲሰበሰብ ነው። ወንድምየው በኩራት ተነስተው፣ «አዲስ አበባ፣ ጀሞ የሚሉት ሰፈር፣ ባለ አራት ፎቅ ቤት አለው» ብለው ለእንግዶቹ ያስረዳሉ። እጃቸው ከመደቡ ተነስታ እስከ ጣራው ማገር ወጣች። የሚነገርለት ቤት በሕንፃው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ የባንክ ዕዳው ያላለቀ ባለ ሁለት መኝታ ነው። እናት አቀረቀረች። ልጆቹ አባታቸውን አዩት። አባት ጋቢውን አስተካክሎ፣ «ኧረ ተው ጋሼ፣ ያን ያህልም አይደለም» አለ። ምን ያህል እንደሆነ ግን አልተናገረም።