የማትጠፋዋ ቢጫ መብራት

ዕድሜው በገፋ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ከሚበሩት መብራቶች ሁሉ የጎማ መብራትን ያህል ትዕግሥተኛ የለም። መልኳን ልብ ላላለ ሰው፣ ግርጌው በተጠፈጠፈ ድስት ውስጥ የቆመ ቃለ አጋኖ ትመስላለች። ሞተር ሲነሳ ትበራለች፤ መኪናው እስኪቆም አትጠፋም፤ በማግሥቱም ያው ናት። ባለመኪናውም በሦስት መንገድ ይገላገላታል። አንዱ ጥቁር ፕላስተር ይለጥፍባታል። ሌላው መካኒክ ለምኖ ያስነቅላታል። ሦስተኛው በላይዋ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ይለጥፋል፤ ሰማዕቱ የሚሄደው በፈረስ ስለሆነ የጎማ ነፋስ ጉዳይ በቀጥታ የሚመለከተው አይመስለኝም። ከሦስቱም የሚብሰው ግን አራተኛው ነው፦ ምንም ሳያደርግ እያያት የሚነዳው። ሁልጊዜ የምትበራ ማስጠንቀቂያ ምንም አታስጠነቅቅም፤ ሌሎቹን መብራቶች ጭምር መናቅ ታስተምራለች። ስለዚህ የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ በአሮጌ መኪና ላይ ለዚህች መብራት ወሬ የሚያቀብሉት የጎማ ሴንሰሮች ሲሞቱ መቀየር አለባቸው፤ ሲቀየሩም አራቱም በአንድ ጊዜ፣ ጎማ በሚቀየርበት ቀን። ይህን የማያደርግ ሰው ደግሞ ሥራቸውን ራሱ መሥራት አለበት። ሌላ አማራጭ የለም።

ይህች መብራት የመጣችው መኪና አምራቾች አዝነውልን አይደለም፤ በሞትና በጠብ ነው። (ዓመቶቹንና ወራቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) በ1990ዎቹ መጨረሻ በፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ የተገጠሙ የፋየርስቶን ጎማዎች በፍጥነት ላይ እያሉ መሬት የሚነካው ሽፋናቸው እየተገሸለጠ፣ መኪናውም እየተገለበጠ፣ በአሜሪካ ብቻ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በ2000 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎች ከመንገድ እንዲሰበሰቡ ተባለ። ከዚያ ክሱ ቀጠለ። ፎርድ “ጥፋቱ የጎማው ነው” አለ። ፋየርስቶን “የለም፣ እናንተ ለደንበኛ 26 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ብቻ ሙሉ ብላችሁ ስለመከራችሁ ነው” አለ። ሁለቱ ቤተሰቦች እኮ በጋብቻ የተሳሰሩ ናቸው፤ በ1947 የሄንሪ ፎርድ የልጅ ልጅ የሃርቪ ፋየርስቶንን የልጅ ልጅ አግብቷል። በእኛ አገር አማቾች በመሬት ይጣላሉ፤ እነዚህ በነፋስ ተጣሉ። በ2001 ወደ መቶ ዓመት የተጠጋው የንግድ ወዳጅነታቸው ፈረሰ። የአሜሪካ ኮንግረስ ግን የአማቾቹን ዕርቅ ሳይጠብቅ በ2000 መጨረሻ ሕግ አወጣ፤ በሕጉም መሠረት ከመስከረም 2007 ጀምሮ በዚያ አገር ለሽያጭ የሚመረት ማንኛውም ቀላል መኪና የጎማውን ነፋስ ራሱ እንዲከታተል ግድ ሆነ። አውሮፓም በኅዳር 2014 አዲስ መኪናን ሁሉ በዚሁ አስገደደች።

ታዲያ በ2007 ከፋብሪካ የወጣ መኪና ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ራሱ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ነበር። የሴንሰር ባትሪ የሚቆየው ግን ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ነው። በአንድ ወቅት በሕግ የተወለዱ ሴንሰሮች በአንድ ወቅት እየሞቱ ያሉትም ለዚህ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው በታክሲና በኡበር የሚተዳደረው ወገናችን ጉዳዩን በሚገባ ያውቀዋል። አገር ቤትም ቢሆን ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ ያሉን የነዳጅ መኪኖች ከእኛው ጋር ሊያረጁ ነው፤ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከገልፍ ሲገቡ ይዘውት የመጡት ሴንሰርም አብሯቸው ያረጃል።

ሴንሰሯ የምትኖረው በጎማው ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ ከቫልቮላው ግርጌ ከቸርኬው ጋር ታስራ ነው። ነፋሱንና ሙቀቱን ትለካለች፤ የራሷን መለያ ቁጥር ጨምራ በሬዲዮ ሞገድ ለመኪናው ትልካለች። ባትሪዋ እንደ እጅ ሰዓት ባትሪ ትንሽ ናት፤ እርጥበትና ንዝረት እንዳይገድላት ግን በሙጫ መሰል ነገር ተደፍናለች። “ባትሪዋን ብቻ ቀይርልኝ” የሚለው ልመና ከንቱ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሙጫውን ፈልፍሎ አዲስ ባትሪ የሚበይድ ጥበበኛ በየሰፈሩ እንደማይጠፋ አምናለሁ፤ የማላምነው ብየዳው መቆየቱን ነው። ሴንሰሯ 30 ግራም ያህል ብትመዝን ነው። የተለመደ የቤት መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲከንፍ ግን ጎማው በሚሽከረከርበት ኃይል ክብደቷ ከ150 ጊዜ በላይ ይባዛል፤ ማሠሪያዋን የምትጎትተው ከአራት ኪሎ በላይ እንደሚመዝን ዕቃ ነው። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” የሚለው ተረት ለዚህ ብየዳ የተተረተ ይመስላል።

ሴንሰር ከመግዛት በፊት ግን መብራቷ ምን እያለች እንደሆነ መስማት ተገቢ ነው፤ ሁለት ዓይነት አነጋገር አላትና። ሞተር ሲነሳ ሳትርገበገብ ቀጥ ብላ ከበራች “ነፋስ ጎድሏል” ማለቷ ነው፤ መድኃኒቱም ነፋስ ነው። ለአንድ ደቂቃ ወይም ከዚያ ትንሽ ለበለጠ ጊዜ ብልጭ ድርግም ካለች በኋላ ቀጥ ብላ ከቀረች ግን “እኔው ታምሜአለሁ” ማለቷ ነው፤ ሴንሰር ሞቷል ወይም መኪናው ድምፁን አልሰማም። አራቱም ጎማ ሞልቶ መብራቷ አልጠፋ ሲል ደግሞ ስኮርታውን ማየት ነው፤ አንዳንድ ቶዮታዎች ለስኮርታውም ሴንሰር ሰጥተውታል፤ ተረስቶ የቀረው እሱ ከመኪናው ሆድ ሆኖ አቤት ይላል። ከዚህም ሌላ በጎማው ውስጥ ምንም ሴንሰር የሌላቸው መኪኖች አሉ። እነዚህ ነፋስ የጎደለው ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ከጓደኞቹ ፈጥኖ መዞሩን በፍሬኑ ሴንሰር ተመልክተው ነው የሚያውቁት። የእንዲህ ዓይነት መኪና ባለቤት አራት የጎማ ሴንሰር ገዝቶ ከሱቅ ቢወጣ፣ ገንዘቡ ባከነ እንጂ የሚጠቅም ዕቃ አልተገዛም።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ። የመጀመሪያው የአዛውንቶች ነው፦ “ድሮ ሴንሰር የሚባል አልነበረም፤ መኪናው ግን አሰብ ደርሶ ይመለስ ነበር።” እውነት ነው፤ ይመለስ ነበር። ነገር ግን ሴንሰር ባይኖርም ረዳት ነበረ። መኪናው በቆመ ቁጥር ዘሎ ወርዶ እያንዳንዱን ጎማ በብረት እየመታ ድምፁን የሚያዳምጥ፣ የጎደለውን ለይቶ የሚናገር ሰው ነበረ። እኛ ረዳቱን አሰናብተን መብራት ቀጠርን፤ መብራቷ ስትሞት በቦታው ማንም የለም። ዓይንና እግር ደግሞ ምትክ አይሆኑም። የዛሬ ራዲያል ጎማ ነፋሱ ልክ በሆነበት ሰዓት እንኳ ጎኑ በጥቂቱ ይነፋል፤ ስለዚህ ሩቡ የጎደለውን ከሙሉው በዓይን መለየት ለአዋቂም ይከብዳል። ጎማ በእርግጫ መምታት ስለ ጎማው የሚነግረን ነገር የለም፤ ስለ ጫማችን ግን ይነግረናል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ2004 እስከ 2007 የተሠሩ መኪኖችን አስጠንቶ በ2012 ባወጣው ግምገማ፣ ይህ መሣሪያ ያላቸው መኪኖች ከባድ የነፋስ ጉድለት ይዘው የመገኘት ዕድላቸው ከሌላቸው በ55.6 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የሞተ ሴንሰር ይዞ የሚሄድ መኪና ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር ለአንባቢ እተዋለሁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የጠነከረ ነው፤ ልሸሸውም አልፈልግም። “በሕይወት ያለችውም ብትሆን የምትነግረኝ ዘግይታ ነው” የሚል ነው። ልክ ነው። የአሜሪካው ሕግ መብራቷን የሚያስገድዳት ነፋሱ ከተመከረው በ25 በመቶ ሲያንስ ነው። 32 መሆን የሚገባው ጎማ 25 ላይ ሲደርስ ዝም ብትል ሕግ አልጣሰችም፤ 24 ላይ ትጮሃለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ነፋስ ደግሞ በየምክንያቱ ይለዋወጣል። ሙቀት በ5.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስ አንድ ፒኤስአይ ያህል ይወርዳል፤ በዋሽንግተን የኅዳር ብርድ እንደ ገባ ጠዋት በየግቢው ቢጫ መብራት የሚበራው በዚህ ነው። በእኛም አገር መልክዓ ምድሩ ራሱ በመለኪያው ይጫወታል። መለኪያ የሚያነበው በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ 32 የተሞላ ጎማ 900 ሜትር ገደማ ወዳለው አዋሽ ሲወርድ በከፍታው ለውጥ ብቻ ሁለት ያህል ይቀንሳል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ መልሶ ይጨምርለታል። ይህን ሁሉ ቢጫ መብራት አትተነትንልንም። እኔም ሴንሰር መለኪያን ይተካል አላልኩም። ሥራቸው ለየቅል ነው። በየወሩ ቀስ እያለ የሚያንሰውን ነፋስ የሚይዘው መለኪያ ነው። ምስማር ወግቶት በአዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ እየተነፈሰ ያለውን ጎማ ግን መለኪያ አይደርስበትም፤ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷልና። ሾፌሩ መሪው እስኪከብደው ድረስ ሳይጠብቅ የሚያውቀው በሴንሰሯ ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለሁለቱም ቦታ ሲኖር ነው።

ሦስተኛው የኪስ ተቃውሞ ነው፦ “መኪናው ራሱ ስንት ቀረው?” ጎማ ግን የተሸከመውን መኪና ዕድሜ አይጠይቅም፤ በአዲስም በአሮጌም ሥር የሚፈነዳው እኩል ነው። በነዳጅ ቁጠባ ይመልሳል ብዬ ግን አላታልልም። የአሜሪካ መንግሥት መረጃ እንደሚለው የአራቱ ጎማ አማካይ ነፋስ በአንድ ፒኤስአይ ሲያንስ የሚባክነው ነዳጅ 0.2 በመቶ ያህል ነው፤ ስምንት ቢጎድል 1.6 በመቶ። ይህ የሴንሰርን ዋጋ ቶሎ አይከፍልም። የኪስ ክርክሬ በሌላ ላይ ነው፦ ሴንሰር ለመቀየር ጎማው ከቸርኬው መውጣት፣ ተመልሶ መግባትና ባላንስ መደረግ አለበት፤ ይህም ሥራ ከወጪው የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ጎማ በሚቀየርበት ቀን ጎሚስታው ይህን ሁሉ ማድረጉ አይቀርም። ስለዚህ መብራቷ ጎማው ገና ግማሽ ዕድሜው ላይ ሳለ ብትሞት፣ መለኪያ ይዞ መታገሥ ክፋት የለውም፤ ጎማ ተቀይሮ ሴንሰሩን እንዳለ መተው ግን ለአንድ ድግስ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

“የሞተው አንዱ ብቻ ነው፤ ሦስቱን በሕይወት እያሉ ለምን እቀብራለሁ?” ለሚለውም መልስ አለኝ። ሴንሰሩ የሞተው ገና በአፍላነቱ፣ በድንጋይ ወይም በጎሚስታ ብረት ተመቶ ከሆነ አንዱን ብቻ መቀየር ትክክል ነው። በዕርጅና ከሆነ ግን አራቱ በአንድ ቀን ተገጥመው፣ በአንድ መንገድ ተጉዘው፣ አንድ ዓይነት ባትሪ የጨረሱ ናቸው፤ የአንዱ ቀብር የሌሎቹ ጥሪ ነው። በየተራ የሚያለቅስላቸው ሰው ለአራት ቀብር ይከፍላል። ሲገዛም ርካሽነት ብቻ አይመረመርም። ለአሜሪካ የተሠሩ መኪኖች አብዛኞቹ በ315፣ ለአውሮፓ የተሠሩት በ433 ሜጋኸርዝ ነው የሚያዳምጡት፤ በማይሰማው ሞገድ የሚናገር ሴንሰር ጎማው ውስጥ እስከ ዕለተ ሞቱ ብቻውን ሲያወራ ይኖራል። የመለያ ቁጥሩም ለመኪናው መነገር አለበት፤ አንዳንዱ መኪና እየተነዳ ራሱ ይለምደዋል፣ ሌላው በመሣሪያ ካልተዋወቀ እንግዳ አይቀበልም። ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት መብራቷ መጥፋቷን ማየት መብት ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ሴንሰሩን የቀየረ ይቀይር፤ ያልቀየረም በየወሩ ጎማውን በመለኪያ ከለካ፣ ፕላስተሩን ያለ ሐፍረት ይለጥፍ። የማይፈቀደው ሁለቱንም ትቶ መንዳት ነው። ለሁላችሁም ግን አንድ ልመና አለኝ፦ ነገ ጠዋት መኪናው ሳይነሳ፣ ጎማው ሳይሞቅ ነፋሱን ለኩ። የምትሞሉትንም ልክ ከጎማው ጎን ላይ አታንብቡ፤ እዚያ የተጻፈው ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ነው። ትክክለኛው ቁጥር በሾፌሩ በር መቃን ላይ ተለጥፏል። ስኮርታውንም አትርሱት።